ሳፋው ውስጥ የተገኘው ሙልግ

ስሚኝማ ውዴ፣ አፍሽ ውስጥ ምግብ ካለ መጀመሪያ ዋጪው። ሻይ ይዘሽም ከሆነ ወዲያ አስቀምጪው። የምነግርሽ ነገር ይቀፋል፤ እኔ ራሴ ስሰማው ሁለቴ ተነስቼ ወጥቻለሁ። ግን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር? በይ፣ ዋጥሽ? እሺ።

ሰብሊ ሳፋው ላይ አጎንብሳ እያስታወከች ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ከዘመሮ ከተማ ቆርቆሮዎች ላይ ገና ሳይነሳ። ከትናንት ጀምሮ ሆዷን ሲቆርጣት ነበር፤ በሶው ነው ብላ ንቃው ነበር። ሁለቴ አስመለሳት። ሦስተኛው ላይ ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ተጠመጠመ። ምግብ እንዳልሆነ ወዲያው አወቀች፤ ምግብ ወደ ላይ ከመጣ ይመጣል፣ ይኼ ግን ወጣ ይልና መልሶ ይገባል። አነቃት፣ ሳለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ጣቷን ሰደደችና ጫፉን ይዛ ሳበችው።

ጠብ ብሎ ሳፋው ውስጥ ወደቀ።

ስንዝር ከምናምን ይሆናል። መልኩ የተቀቀለ ፓስታ ነው፤ ፓስታ ግን አይንቀሳቀስም። ይኼ ከበሶው ትራፊ መሃል አንዱን ጫፉን ቀስ አድርጎ ቀና አደረገ፣ የት እንደደረሰ የሚያጣራ ይመስል ወዲያ ወዲህ አለ፣ ተመልሶ ተጋደመ። ሁለቱም ጫፉ ሾጣጣ ነው። የቱ ፊቱ፣ የቱ ጭራው እንደሆነ አይለይም። ሰብሊን ከሁሉ በላይ የሰቀጠጣት እሱ ነው። ዓይን ቢኖረው እንኳ ይሻል ነበር።

ወስፋት። በባዮሎጂ ተምራዋለች፣ ፈተና ላይም በትክክል መልሳዋለች። ሲርባትም እንደ ማንም ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ስትል ነው የኖረችው። ያ የሚጮኸው ነገር እንዲህ ያለ እርጥብ አካል እንዳለው፣ እሷ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ በሶዋን ሲጋራት እንደከረመ ግን አስባ አታውቅም። አፏን በውሃ፣ ከዚያ በጨው፣ ከዚያ በሳሙና አጠበች። ምላሷ ላይ የነካት ቦታ ግን አሁንም አለ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«ሰብሊዬ፣ የ‹ዘጠነኛው ግንብ› አሥራ አራተኛው ክፍል ወጥቷል፤ ስልኬ ላይ ጭኜ ነው የመጣሁት» እያለች ወሰንየለሽ ገባች። ወሰንየለሽ ዘጠነኛ ክፍል ከሰብሊ ጋር የምትማር ልጅ ናት፤ ባለ ስልክ ናት፣ አባቷ ሱቅ አለው፣ ክፍል ውስጥ እሷ የሳቀችበት ነገር ያስቃል፣ እሷ ፋራ ያለችው ነገር ፋራ ይሆናል። ሰብሊ ጓደኛዋ ከሆነች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ስትጠነቀቅ ነው የከረመችው።

«ዘጠነኛው ግንብ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ካላየሽው ባጭሩ ልንገርሽ። ሰማይ ላይ አንድ የሞተ ኮከብ አለ፤ ከዚያ ሙልግ የሚባሉ ፍጥረታት ድንጋይ ውስጥ ታሽገው ይወርዳሉ። ዓይን የላቸውም፣ አጥንት የላቸውም፣ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋሉ። የተኛ ሰው አፍ ውስጥ ገብተው ሆዱ ውስጥ ያድጋሉ፤ የበላውን ይበሉበታል፣ ሲጎለምሱ በአፉ ይወጣሉ። ተርጓሚው አንድ ሰውዬ ነው። ጀግናዋንም፣ አዛዡንም፣ ሙልጉንም በዚያው በጎርናና ድምፁ ነው የሚናገርላቸው፤ አንዳንዴ ለራሱ ይዘገንነውና መሃል ላይ «ኧረ ጉድ ነው ጎበዝ» ይላል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሁሉ በዚህ ፊልም አብዷል። የተረፉት ሰዎች የተጠለሉበት ግንብ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ ሙልግ ያለበት ሰው ከተገኘ፣ እናትም ትሁን ወንድም፣ ከግንቡ ውጪ ይጣላል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ወሰንየለሽ ሳፋውን አየችው። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችና ጀርባዋ በሩን እስኪነካ አፈገፈገች።

«ሰብሊ። ምንድን ነው እሱ?»

«ምኑ?»

«ይንቀሳቀሳል እኮ። ሙልግ ነው። በማርያም፣ ሙልግ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካንቺ ነው የወጣው?»

አየሽ፣ እዚች ጋ ሰብሊ የምታስብበት ጊዜ አልነበራትም። አፏ ነው ቀድሟት የሄደው።

«ኧረ በስመ አብ። የለተ ነው። ጠዋት አስታውካ ነው የሄደችው፣ እኔ ልደፋላት ነበር።»

ለተ ማለት ለተሥላሴ ናት፣ ቤቱን አብራት የተከራየችው። ሁለቱም የገጠር ልጆች ናቸው፤ ዘጠነኛ ክፍል በሰፈራቸው ስለሌለ ዘመሮ ወርደው እማማ አዛለች ግቢ አንዲት ክፍል ተካፍለው ይኖራሉ። ስንቅ በተራ ነው የሚያመጡት። አንዱን ቅዳሜ ሰብሊ፣ ሌላውን ለተ ወላጆቿ ጋ ሄዳ ለሁለቱም የሚሆን ዳቦ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በሶ ተሸክማ ትመለሳለች። የዚያን ቅዳሜ ተራው የለተ ነበር። የለተ አገር ጓሳ ዳር ነው፤ ደህና እግር ላለው ሰው የአራት ሰዓት መንገድ። ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣችው፣ ሰብሊ እንቅልፍ ላይ እያለች። ወሰንየለሽ ሳፋው አጠገብ ቆማ «እንትፍ፣ እንትፍ» ስትል፣ ለተ የሁለታቸውን ስንቅ ልታመጣ ዳገት ላይ ነበረች።

ሰብሊ አመድ ዘግና ትሉ ላይ በተነችበት፤ ከነሳፋው ይዛ ሽንት ቤት ደፋችው። ስትደፋው ፊቷን አዙራ ነበር። አሥራ አራተኛውን ክፍል ግቢው ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አዩት፤ ወሰንየለሽ ወደ ቤቱ አልገባም ብላ። አዛዡ የገዛ ወንድሙን ከግንቡ ሲያስወጣ ወሰንየለሽ «ይበለው፣ ለምን አልተናገረም» አለችና ከሰብሊ ኩባያ ውሃ ጠጣች። ሰብሊ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር የተገላበጠ መሰላት። አንድ ብቻ እንደማይሆን የባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።

ሰኞ የስንቅ ቀን ነው። ከገጠር የሚማር ልጅ ሁሉ እናቱ የጋገረችለትን ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል ዴስክ ላይ ይቆረሳል፣ ይታደላል። የለተ እናት የገብስ ዳቦ ክፍሉ ሁሉ የሚሻማበት ነው፤ ሌላ ጊዜ ቸሩ የሚባለው ልጅ ገና በሩ ላይ ነበር እጁን የሚዘረጋው። የዚያን ሰኞ ለተ ዳቦዋን ጨርቁ ላይ ዘርግታ «ብሉ እንጂ» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቸሩ በጠመኔ ረጅም፣ ፊት የሌለው ነገር ስሏል፤ ከጎኑ የሴት ልጅ አፍ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ለተ እየሳቀች። ከዚያ ወደ ሰብሊ ቁራሽ ዘረጋች። «ሰብሊ፣ ያንቺን እንኪ፣ ጠርዙን አስቀርቼልሻለሁ።»

ሰብሊ ጠርዙን ትወዳለች። ወሰንየለሽ ከኋላ ዴስክ እያየቻት ነው።

«ጠግቤያለሁ» አለች ሰብሊ።

ለተ እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዳቦውን መልሳ ጠቀለለችው። ከኋላ አንዱ «ሙልጌ» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ወሰንየለሽ ሰብሊን በክንዷ ጎትታ ወደ ራሷ ዴስክ ወሰደቻት፤ ሁለቱ አብረው የሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ለተ ብቻዋን ቀረች። ሙሉ ቀን ማንም እርሳስ አልተዋሳትም። እረፍት ላይ ቧንቧውን ስትነካው የክፍሏ ልጆች ሄደው የሌላ ክፍል ቧንቧ ላይ ተሰለፉ።

ውሸት እኮ ሥራ ያበዛል፤ ይኼን እኔም አላውቅም ነበር። ሰብሊ ያን ውሸት ለማስመሰል ኩባያዋን መለየት ነበረባት። ሳህኗንም። የምትተኛበትንም። የመንዝ ብርድ መቼም ያው ነው፤ ሁለቱ የለተ እናት ከበግ ጠጉር የፈተለችው ባና ውስጥ ነበር አብረው የሚተኙት። አሁን ሰብሊ «ትንሽ ሞቀኝ» ብላ ሳሳ ያለውን አንሶላዋን ይዛ ግድግዳው ጥግ ሄደች። ለተ ባናውን ግማሹን ባዶ አድርጋ ትተኛለች። ሰብሊም ጥርሷን እያንቀጫቀጨች ጉሮሮዋን ትይዛለች፤ ተኝታ እያለች ሌላው ወደ ላይ ቢመጣስ? አፏን በነጠላ ጫፍ አሰረች። የገዛ አካልን መጠየፍ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ምራቋን ስትውጥ ይቀፋታል። በሶ ስታይ የሳፋው ሽታ ይመጣባታል። የራሷ ሆድ የሌላ ሰው ቤት ሆኖባታል።

ማክሰኞ እማማ አዛለችን ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ጠየቀቻቸው። ሽሮ እየነፉ ነበር።

«እማማ፣ ሰው ወስፋት ካለው… ያው ምን ይሻለዋል?»

«ወስፋት? እሱማ የማን ሆድ ውስጥ ነው የሌለው ልጄ። ወስፋት ከሌለ ምግቡን ማን ይፈጨዋል?» አሉ ወንፊቱን ሳያቆሙ። «ሲበዛ እንቆቆ ነው፣ ሲብስ ኮሶ። በኛ ጊዜ ልጅ በአፉ ሲያወጣው ዶሮ ነበር የምትቀልበው። አንቺ ምነው ነጣሽ?»

ዶሮዋን ስታስብ ሰብሊ ሮጣ ወጣች።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ለተ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን አላወረደችም። ሳፋው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱን አየችው፤ ከዚያ ሰብሊን።

«ቸሩ ነገረኝ» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት ከአፌ ሙልግ ወጣ አሉ። እዚህ ሳፋ ውስጥ።»

ሰብሊ የጫማዋን ክር እየፈታች ነበር። የተፈታውን መልሳ አሰረችው።

«ሰው ብዙ ያወራል» አለች።

«አዎ።» ለተ ትንሽ ጠበቀች። «አባባ ቅዳሜ ለገበያ ይመጣሉ፣ የወሩን ዱቄት በበቅሎ ጭነው። ዱቄቱን አታውርዱት እላቸዋለሁ። ዕቃዬን ይዤ አብሬያቸው አገር ቤት እገባለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መቼ ይባላል እንዴ? እገባለሁ አልኩ።»

«ትምህርቱስ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። የለተ ሁለት ታላላቅ እህቶች ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጠው ቤት ቀርተዋል፤ አንዷ ሁለት ልጅ አላት፣ ሌላዋ አርግዛለች። ለተ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች የቤቱ የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ከገባች፣ ገባች ነው።

ሐሙስ ሰብሊ ለመናገር አራት ጊዜ አፏን ከፈተች። በእያንዳንዱ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ያለው ስዕል ይመጣባትና የልጅቷ አፍ የእሷ ይሆናል። አንድ ዓመት ሙሉ ሙልጌ ሲሏት፣ ወሰንየለሽ አፍንጫዋን ይዛ ስታልፍ፣ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ታየዋለች። ለተ ያንን ሁሉ አሁን እየኖረችው እንደሆነም ታያለች። ሁለቱም እኩል ነው የሚታያት፤ አፏ ግን መልሶ ይዘጋል።

ዓርብ ሲስተር ትርሲት ከጤና ጣቢያ የትል መድኃኒት ይዛ መጣች። በየዓመቱ ትመጣለች። ተማሪው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰለፈ፤ ኪኒኑ እዚያው ፊቷ ይታኘካል፣ ስም ይነሳል፣ ያልፋል። በዘጠነኛ ሀ ሰልፍ ላይ ከለተ ፊትም ከለተ ኋላም የሁለት ሰው ቦታ ባዶ ነበር። ወሰንየለሽና ሰብሊ አምስት ሰው ወደ ኋላ፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ቆመዋል።

ለተ ስትደርስ ቸሩ ከኋላ ጮክ አለ። «ሲስተር፣ ለሷ ከነካርቶኑ ስጧት።»

ሜዳው ሳቀ። ሲስተር ትርሲት አልሳቀችም። «ምን ሆና ነው?»

«ሙልግ አውጥታለች። በአፏ። ይሄን ያህል» አለ ቸሩ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው እየለካ።

«በአፍ ከወጣ በአንድ ኪኒን ዝም ብዬ አላልፈውም» አለች ሲስተር፤ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ብዙ ሊሆን ይችላል፣ አንጀትም ሊዘጋ ይችላል። ጤና ጣቢያ መታየት አለባት። ስምሽ ማን ነው?»

ለተ ወደ ኋላ አልዞረችም። ሰብሊ የምታየው ማጅራቷንና የሹራቧን የተተረተረ ኮሌታ ብቻ ነው። ጠብቃ ነበር፤ ትዞራለች፣ በጣቷ ታሳያታለች ብላ። ለተ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ለተ…» ማለት ጀመረች።

ስሟን ልታስጽፍ ነው። የሰብሊን ትል በራሷ ስም።

ሰብሊ ክንዷን ከወሰንየለሽ ክንድ አወጣች። «ወዴት ነው?» አለቻት ወሰንየለሽ። አልመለሰችላትም። አምስቱን ሰው አልፋ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ከለተ ኋላ ቆመች። ድምጿ ሲወጣ ትንሽ ነበር፤ ሜዳው ግን ዝም ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው።

«ሲስተር፣ የኔን ጻፉ። ሳፋው ውስጥ የነበረው የኔ ነው። ለተ የዚያን ቀን መንገድ ላይ ነበረች፣ ስንቃችንን ልታመጣ። ከኔ አፍ ነው የወጣው።»

ከዚያ ወሰንየለሽ፣

«ቅዳሜ እኮ ከአንቺ ኩባያ ነው የጠጣሁት» አለች። እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። «ሰብሊ፣ እያየሽኝ ነው የጠጣሁት።» ከዚያ ዞር ብላ ሣሩ ላይ ተፋች፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰልፉ ከሰብሊ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። አንዱ እግር፣ ሌላው እግር። ሰብሊ ሳትዞር ሰማችው።

«ቁሙ በሰልፋችሁ» አለች ሲስተር ትርሲት። «ምን ያሸሻችኋል? እዚህ ካላችሁት በግማሻችሁ ሆድ ውስጥ ወስፋቱ ተቀምጦ አሁን ይሰማችኋል።» ወደ ቸሩ አየች። «ያንተ እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም። ና፣ ቀድመህ አኝክ።»

ቸሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ሆዱን ያዘ። ኪኒኑ ነጭ ነው፣ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ አፍ ውስጥ እንደ ጠመኔ ይፈርሳል። ሰብሊ እያንገሸገሻት አኘከችው። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንድትመጣ ወረቀት ተጻፈላት፤ ሙሉ ስሟ፣ ክፍሏ፣ ከታች «በአፍ የወጣ» የሚል። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሁለቱ አንድ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ለተ ፊት፣ ሰብሊ አሥር እርምጃ ኋላ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ልጅ «ሙልጌ» አለ፤ ይኼኛው የሰብሊ ነበር። የእማማ አዛለች ግቢ በር ላይ ለተ ቆመች። ሰብሊ እስክትደርስ ጠበቀቻት።

«ውሸቴን ነው የኖርሽው፣ አምስት ቀን ሙሉ» አለች ሰብሊ። ስትመጣ ያዘጋጀችው ረጅም ነበር፤ የወጣላት ይኼ ብቻ ነው። «ከእኔ ጋር መኖር ካልፈለግሽ እኔ ልውጣ። ቤቱን ላንቺ ልተውልሽ። አንቺ ግን አገር ቤት አትግቢ።»

ለተ በሩን ከፈተች፣ አንድ እግሯን አስገባች፣ እዚያው ላይ ሆና ተናገረች። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል ይኸው፦

«ቸሩ ሲነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ‹ብቻዋን ስታስታውክ ጀርባዋን ማን አሻላት?› ብዬ ነው። የተናደድኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፣ ዛሬ አታናግሪኝ። አባባን ግን ዱቄቱን ያውርዱት እላቸዋለሁ።»